አረፋውን አትንካው

«አውጪው! አረፋ ገብቷል እኮ፣ አይታይሽም?» አለ የተመራማሪዋ የሥራ ባልደረባ።

ለሁሉም ነገር «ቀስ በሉ» ማለት ስለሚወድ ስሙ ራሱ ቀስ በሉ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ ግን እሱም ተጣድፏል። አይፈረድበትም፤ እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ አረፋ ጠላት ነው። አውራ ጣት በምታክለው የደም መመርመሪያ የመስታወት ሰሌዳ ላይ፣ ፀጉር በሚያህለው ቦይ ውስጥ አረፋ ከገባ ሰሌዳዋ ትጣላለች።

ዋናው ራስ ምታት ግን ሌላ ነበር። የደም ጠብታውና መመርመሪያው ፈሳሽ በዚያ ቦይ ውስጥ እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ያልፋሉ እንጂ አይቀላቀሉም። ካልተቀላቀሉ ደግሞ ውጤት የለም። በድምፅ ሞገድ ልታዋህዳቸው ወራት ለፋች፤ ወይ ፍንክች! አለቃቸው ዛሬ ከምሳ በኋላ መጥተው ፈሳሾቹ ሲቀላቀሉ ካላዩ ሥራው ይዘጋል። ያኔ በገጠር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ የሆነችው እህቷም የሚያተኩሳቸውን ጨቅላዎች ደም ሩቅ ከተማ እየላከች፣ ውጤት ስትጠብቅ መክረሟ ነው።

«ቆይ፣ ድምፁን ልክፈተው» አለች።

«ከነአረፋው? አብደሻል?»

«ከነአረፋው!»

ማብሪያውን ተጫነችው። ቀጭን ፉጨት ተሰማ። በማይክሮስኮፑ ስታይ አረፋው ይንቀጠቀጣል፤ በደሙ ፈንታ ለሙከራ ያስገቧቸው ቀይና ሰማያዊ ፈሳሾች በዙሪያው ተሽከረከሩና ዓይኗ እያየ ሐምራዊ ሆኑ።

«ኧረ ጉድ! ና እይ፣ ተቀላቀሉ!»

ቀስ በሉ አጎንብሶ አየና ወንበሩን ገልብጦ ዘለለ። እሷ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት። ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት።

ከምሳ በኋላ አለቃቸው ገብተው ሲያዩ ፊታቸው በራ። «አበጀሽ የኔ ልጅ! በቃ፣ ሥራው ይቀጥላል!»

«ጋሼ፣ አረፋው በስህተት ነው የገባው።»

ቀስ በሉ በክርኑ ጎሸም አደረጋት፤ አርፈሽ ተቀመጪ ማለቱ ነው።

«ታዲያ ምናለበት? ሠርቶ የለም እንዴ?» አሉ አለቃቸው።

«መሣሪያው ጤና ጣቢያ እህቴ ጋ ሲሄድ እኔ አብሬው አልሄድም። በማንም እጅ መሥራት አለበት።»

የተሳካላትን ሰሌዳ ነቅላ አዲስ ገጠመች። ይሄኛዋ እምቢ ካለች የወራት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው። ፈሳሽ ማስገቢያውን ሲሪንጅ ለአለቃዋ ዘረጋችላቸው።

«አረፋውን እርስዎ ያስገቡት» አለችና ከጠረጴዛው ራቅ ብላ ቆመች።