ከመስኮት እጅ የሚያውለበልቡት ሴት

ኮፐንሃገን ውስጥ፣ በቦዮቹ ላይ በምትመላለስ ጀልባ ማይክሮፎን ይዤ ቱሪስት አስጎበኛለሁ። ቤተ መንግሥቱን አሳያለሁ፤ ደረጃው በውጭ የተጠማዘዘበትን የቤተ ክርስቲያን ማማም አሳያለሁ። ሰዉ ከልቡ የሚስቀው ግን ክርስቲያንስሃቭን የሚባለው ሰፈር ስንደርስ ነበር። እዚያ ከአንድ ቢጫ ቤት ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት፣ ጀልባ ባለፈች ቁጥር፣ እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር። ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። «እኚህ የቦያችን እመቤት ናቸው» እያልኩ አስተዋውቃቸው ነበር።

በግንቦት የመስኮታቸው መጋረጃ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ «ሞተው ይሆን?» እያልኩ፣ እዚያ ስንደርስ ስለ እሳቸው ማውራቱን ተውኩ። ጀልባ ነጂያችን ፕሬብንም መስኮቱን ቀና ብሎ እያየ ያልፋል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ተሳፈሩ። ስለ ቤተ መንግሥቱ ሳወራ ቀና ብለውም አላዩም።

«በቀኝዎ በኩል...» ስል አቋረጡኝ።

«ተይው ልጄ፣ ተወልጄ ያደግሁበት ነው። ቢጫው ቤት ጋ ብቻ ቀስ በሉልኝ።»

«እጃቸውን የሚያውለበልቡት እመቤት...» አልኩ።

«ባሏ ነኝ። ቪላስ እባላለሁ። ኤሊኖር ዳሌዋ ተሰብሮ ትናንት ነው ከሆስፒታል የወጣችው። መነሳት አትችልም። እሷ ግን ‹ጀልባዎቹ ምን ይሉኛል?› ብላ መቆሚያ መቀመጫ ነሳችኝ። አልጋዋን ወደ መስኮቱ ጎትቼ ከሥሩ ጡብ ደረደርኩበት። ከታች ትታይ እንደሆነ ላረጋግጥ ነው የመጣሁት።»

ፕሬብን ሞተሩን ቀነሰ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከጠርዙ በላይ የሚንቀሳቀሱ ጣቶች ብቻ አየን።

«እጅሽን ከፍ አድርጊው! ከፍ!» ብለው ሽማግሌው ብድግ አሉ።

«ይቀመጡ! ድልድይ ነው!» ኮታቸውን ይዤ ጎተትኳቸው።

ድልድዩ ሥር፣ ጨለማው ውስጥ፣ ሲስቁ ሰማኋቸው። ስንወጣ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

«አልጋው ገና ከፍታ ይቀረዋል» አሉ። «እስኪ አሁን፣ በጣት ብቻ ሰው ሰላም ይባላል?»

ማታ ከሥራ ስንወጣ እኔና ፕሬብን አልጋውን ከፍ ለማድረግ ጠርብ እንጨት ተሸክመን የቢጫውን ቤት ደረጃ ወጣን። ኤሊኖር ነጭ ጸጉራቸውን አበጥረው ተኝተዋል። ትክ ብለው አዩኝ።

«ማይክሮፎን የምትይዢው አንቺ ነሽ? ከላይ ሳይሽ ረጅም ትመስይኝ ነበር።»

«እርስዎም ከታች ሲታዩ ተናካሽ አይመስሉም» አለ ፕሬብን።

«ተናካሽ ባልሆን ይኼን ሰውዬ ይኼን ሁሉ ዘመን እችለው ነበር?»

አልጋውን ኤሊኖር እንደተኙበት ስናነሳ ቪላስ ዙሪያችንን እየተሽከረከሩ «ቀስ! ቀስ! ሚስቴ እኮ ናት፣ ፒያኖ አይደለችም!» ይሉናል። ከዚያ ጥቁር ዳቦ ከኮመጠጠ ዓሣ ጋር አቀረቡልን። ገና አንድ ጊዜ እንደጎረስን የቀኑ የመጨረሻ ጀልባ መጣች። ኤሊኖር ዳቦውን ጥለው እጃቸውን አነሱ። ከታች የጀልባው ሰው ሁሉ እጁን አነሳ። እዚያ ጀልባ ላይ ስንት ዘመን ቆሜ መስኮቱን ሳሳይ ጀርባዬ ለተሳፋሪው ነበርና፣ ያን ሁሉ የፈካ ፊት አይቼው አላውቅም።

«አየሽ?» አሉኝ ኤሊኖር፣ ሳይዞሩ።

ቪላስ ከኋላቸው ትራሱን በሁለት እጃቸው ደግፈው ቆመዋል። ጀልባዋ ከዓይን ከጠፋችም በኋላ አልለቀቁትም።