ቦዩ ሳይጠረግ ሙሽራ አይገባም

እኔ ለተማርያም እልኸኛ ነኝ፤ አልክድም። ልጄ ባርኮት ልትዳር ነው ሲባል ሰው ሁሉ «አዲሱ ከተማ አዳራሽ ተከራዪ» ብሎ መከረኝ። አሻፈረኝ አልኩ። ድንኳኑ እዚሁ ሰፈሬ ፈላና በር፣ ቤቴ ፊት ለፊት፣ ቦዩ ዳር ይተከላል አልኩ። ለምን ቢሉ ቦዩን ያጸዳነው እኛ ነና። አሥራ አራት ሴቶች ሆነን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፌስታልና ሃይላንድ ስንለቅም ወገባችን ተቆርጧል። ድሮ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሮጥበት ቦይ ዛሬ ዳሩ ላይ ጎመን በቅሎበታል። ታዲያ አማቶቼ ይህን ሳያዩ ልጄን ይዘውብኝ ሊሄዱ ነው? ጉራ ነው በሉኝ። አዎ፣ ጉራ ነው።

የቦዩ ጠባቂ ደግሞ መረቡ ነው። ጎረቤቴ ናፊያ ከአሮጌ የዶሮ አጥር ሽቦ ሠርታ ከድንኳኑ ሽቅብ ቦዩ ላይ አስራዋለች፤ ከላይ ከከተማው የሚወርደውን ጠርሙስ ሁሉ ቀጥ አድርጎ ይይዝልናል። ሥራው ግሩም ነው፣ መልኩ ግን አይጣል ነው። የዛገ፣ የተጣመመ፣ ቡትቶ የተንጠለጠለበት። የሰርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ቀራጩ ቦታውን ሊያይ መጣና «እትዬ፣ ይሄ ነገር ቪዲዮው ውስጥ ይገባል እኮ» አለኝ። ማንም ሳያየኝ ፈታሁትና ጓሮ ጣልኩት። ለአንድ ቀን ምን ይመጣል ብዬ።

ምን ይመጣል? ዝናብ ይመጣላ። ሌሊቱን ዘንቦ፣ የሰርጉ ዕለት፣ የዳግማ ትንሣኤ ጠዋት ብነሳ የከተማው የፋሲካ ጠርሙስ በሙሉ ወርዶ፣ በመንገዱ ሥር የሚያልፈውን ቱቦ አፉን ወትፎታል። ውሃው መሄጃ አጥቶ ከድንኳኑ ምንጣፍ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሟል። ሰማዩም አሁንም እንደጠቆረ ነው። ሦስት መቶ ሰው ተጠርቷል፣ ወጡ ተሠርቷል፣ ሙሽራዋም ኩሏን ተኩላ ተቀምጣለች። አንድ ዝናብ ከደገመ የልጄ ሰርግ ዋና ሊሆን ነው።

ናፊያ መጥታ አየችና መረቡ የት እንደገባ ጠየቀችኝ። ጎርፍ ወስዶት ይሆናል አልኳት። ዋሸሁ፣ ምን ላድርግ። እሷም «ወላሂ እነዚህ የላይ ሰፈር ሰዎች!» ብላ የከተማውን ሰው ከነዘር ማንዘሩ መርገም ጀመረች። የላይ ሰፈር ሰዎች ማለት ደግሞ የሙሽራው ቤተሰቦች ናቸው።

ይህን ስንባባል ጥሩንባው ቀለጠ። መኪናው በአበባ፣ ባጃጁ በሪባን አጊጦ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ደረሰ። የእኛ ልጃገረዶች እንደ ደንቡ በሩን ይዘው እየዘፈኑ አላስገባም አሉ። አንደኛው ሚዜ ሰለሞን ሽቶውን እየረጨ፣ እየሳቀ፣ እየተለማመጠ ቀረበ። እኔ ሴቶቹን ገፍቼ ፊት ወጣሁ።

«ቦዩ ሳይጠረግ ሙሽራ አይገባም» አልኩ።

የጨዋታው አንድ አካል መስሏቸው በሳቅ ፈረሱ። ወደ ቦዩ ጠቆምኩ። ሰለሞን ሆዬ ሄዶ ቦዩ ላይ ሽቶ ረጨበት! ሰው ሁሉ ሲንከተከት እኔ ፊቴን እንደቋጠርኩ ቀረሁ። ናፊያም ሽቶውን ተቀብላ አካፋ አስያዘችው።

ሙሽራው ሚልኪያስ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ጫማውን ብታዩት ፊት ያሳያል። ሰማዩን አየ፣ ቦዩን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ለቪዲዮ ቀራጩ አሸከመውና እስከ ጉልበቱ ገባበት። ሚዜዎቹም ወይ ወንድ መሆን፣ አንድ በአንድ ተከተሉት። ልጃገረዶቹ ዘፈኑን ወዲያው ለወጡት፤ የሰለሞንን አዲስ ሱሪ፣ የጭቃውን ልክ እየጠሩ ያሟሟቁት ጀመር። ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወጣ። የሙሽራው አባት አቶ ጌታነህ እንኳ ከረባታቸውን ፈተው ሰልፉ ውስጥ ገቡ። በመጨረሻ ቱቦው ጉልጭ ጉልጭ አለና ውሃውን ውጦት ሄደ።

እፎይ ከማለቴ አቶ ጌታነህ ጭቃ በጭቃ ሆነው ፊቴ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አነሱ። «ቆሻሻው ከኛ ሰፈር የወረደ ነው፣ በልጆቻችን ሰርግ ቀን አሳፈርናችሁ፣ ይቅር በሉን» አሉ። ሚልኪያስም ከጎናቸው አንገቱን ደፋ። ናፊያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ይበላችሁ ትላለች። እሺ ብዬ ብቀበል ማን ያውቅብኛል? ግን የእኚያን ሽማግሌ ባዶ ራስ ሳይ አላስቻለኝም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «መረቡን የፈታሁት እኔ ነኝ። ለቪዲዮ አያምርም ብዬ።»

ናፊያ አየችኝ፤ እንዲያ አይታኝ አታውቅም። ከዚያ ሻሿን ራሷ ላይ አጥብቃ ሄዳ ቤቴ በር ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«ጥፋተኛ አይገባም» አለች።

ሚዜዎቹ እንዲህ ያለውን ነገር ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል እየሮጡ ከጎኗ ተደረደሩ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ሰርግ፣ ውጭ ቀረሁላችሁ! ብለምን፣ ብቆጣ ማን ሊሰማኝ። ባርኮት ቬሏን እንደለበሰች ከኋላቸው ብቅ አለች፤ ሳቋ ኩሏን አጥቦት ጉንጯ ላይ ወርዷል።

«እማዬ መረቡን መልሳ ትሰር» አለች። «አሁኑኑ። በቪዲዮም ይቀረጽ።»

ምን አማራጭ አለኝ? በጓሮ ዞሬ መረቡን አመጣሁ፤ የሐበሻ ቀሚሴን ሰብስቤ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ሌላውን ጫፍ ሚልኪያስ ያዘልኝ። ዝናቡ ያን ጊዜ ጀመረ። ይህ ልጅ እስከዚያች ቀን ወይዘሮ ለተማርያም ነበር የሚለኝ። «እማዬ፣ ወደርስዎ ይሳቡት፣ ይጥበቅ» አለኝ። ሳብኩ። እንባዬ ይሁን ዝናቡ እኔም አለየሁትም፤ ደስ ግን ብሎኛል፣ እንደ እብድ ነው የምስቀው።

መረቡ ታሰረ። አንድም ሰው ወደ ድንኳኑ አልሸሸም፤ ሦስት መቶ ሰው በዝናብ ቆሞ ቦዩን ሽቅብ ያያል። አንድ ሃይላንድ እየተንከባለለ መጣ፣ መረቡን ገጨና ቀጥ አለ። እልልታው ከተማውን አናጋው። ለሙሽራዋ እንኳ እንዲያ አልተባለም። ምንጣፉን አየሁት፤ ደረቅ ነው።

ናፊያ እጇን ከበሩ ላይ አነሳችና «ግቢ» አለችኝ። በጭቃ እግሬ ገብቼ ልጄን ዳርኩ።