የካሴቷ ልጅ አባት

የፉፋ ድምፅ ወፍራም ነው። ወፍራም ስል እንዲያው ለአፌ አይደለም፤ በማኅበሩ የእንጨት ሥራ ቤት ቆሞ "ሚስማር አቀብሉኝ" ሲል መንገድ ማዶ ሻይ የሚጠጣ ሰው ብርጭቆውን ያዝ ያደርጋል። ቁመቱ ረጅም፣ ጢሙ ሙሉ ነው። ዕድሜው ግን ያኔ፣ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ከሃያ አራት አይበልጥም ነበር።

ይህ ሰው ዘፋኝ መሆን ፈለገ።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ነው። የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ቀጀላ አንዱን ዘፈን እስከ ግማሽ ካዳመጠ በኋላ እጁን አነሳ።

"በቃ፣ ጓድ ፉፋ። ድምፅህ ለስብሰባ ጥሪ ይሆናል። ለዘፈን ግን ሰው ያስደነግጣል።"

"ረጋ ብዬ ልሞክረው?"

"ረጋ ብለህ ነው እኮ የዘፈንከው!"

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ፉፋም አብሯቸው ሳቀ። ውጭ ስንጠብቀው የነበርነውን እኔንና ዲንቃን ሲያገኝ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

"ካሴት እናወጣለን" አለን። "እኛው ራሳችን። የመቱ ሰው አንድ ጊዜ ድምፄን ይስማው። ሰምቶ ካልወደደው ዳግመኛ አልዘፍንም፤ እንጨቴን እየላግሁ እኖራለሁ።"

እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ጊታር እጫወታለሁ። ዲንቃ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከበሮ ይመታል። የራሳችን የሆኑ ስድስት ዘፈኖች ነበሩን። አንዳንዱ በአማርኛ፣ አንዳንዱ በኦሮምኛ፣ አንዳንዱ ደግሞ እኛ ስናወራ እንደምናደርገው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘል ነው። ፉፋ ከሁሉም የሚወደው የሶርን ፏፏቴ የሚያነሣውን ነበር፦

ሶር ወርዶ ይጮኻል፣ እኔ ዝም ብያለሁ፤
እሱን ሰምተሽ መጣሽ፣ እኔ ቀርቻለሁ።

መቱ ገበያ አጠገብ ጋሼ ሽበሺ የሚባሉ፣ ከወደ ቡታጅራ የመጡ ነጋዴ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ከአዲስ አበባ የመጣ ካሴት በአንዱ ቴፕ እያጫወቱ በሌላው ይቀዱና ይሸጣሉ። ጉዳያችንን ስንነግራቸው ፉፋን ከእግር እስከ ራስ አዩት፤ ከዚያ ሦስተኛውን፣ ትንሹን ቴፕ ከመደርደሪያ አወረዱ።

"ደህና ከሆነ አባዝቼ እሸጠዋለሁ። ቴፔን ግን ዝናብ እንዳይነካብኝ!"

ያስቸገረንም ዝናቡ ነው። ጥቅምት ተጋምሶ ነበር፤ ኢሉባቦር ላይ ግን ገና ክረምት ነው። የእኔም የዲንቃም ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናቡ ሲጀምር የፉፋ ድምፅ እንኳ አይሰማም። በመጨረሻ ዲንቃ ከተማው ዳር የሚኖሩትን አክስቱን እትዬ ዲሪቤን አስታወሰ። ቤታቸው የሣር ክዳን ነው። ዝናብ ሣር ላይ ሲወርድ ድምፅ የለውም።

እዚያ ደግሞ መብራት የለም። የባትሪ ድንጋይ ከከተማው ሱቆች ጠፍቶ ስለነበር ከየቤታችን ያረጀውን ሰበሰብን። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ ፀሐይ ከየት ይምጣ? እትዬ ዲሪቤ ምድጃቸው ዳር ደረደሩልን።

"እንደ ድንች አገላብጡት" አሉን። "እንዳይቃጠል።"

ቀዳን። ጥጃቸው በአራተኛው ዘፈን መሐል አንዴ ከመጮኹ በቀር ሁሉም ደህና ሄደ። እዚያው ተቀምጠን መልሰን ስናዳምጠው ራሱ ፉፋ ነበር፤ ያው ወፍራም፣ ያው ረጋ ያለ። እትዬ ዲሪቤ ቴፑን እያዩ "እንዲህ ያለ ትልቅ ሰውዬ እዚህ ውስጥ እንዴት ገባ?" አሉ። ፉፋ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ፤ ወጥቶ ዝናቡ ላይ ቆመ።

ካሴቱንና ቴፑን ለጋሼ ሽበሺ በር ላይ ሰጥተናቸው ሮጥን። በማግስቱ ማለዳ ሦስታችንም ለቡና ለቀማ ዘመቻ ከቀበሌው ሰው ጋር መኪና ላይ ተጫንን።

የተመለስነው ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነው። ከመኪናው ወርደን በገበያው ስናልፍ ከሻይ ቤቱ ዘፈን ይሰማል። ፈጣን ነው፤ እግር አያስቀምጥም። የምትዘፍነው ልጅ ድምፅ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ልጆች በሩ ላይ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። ዲንቃ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ይሄ የኛ ዘፈን አይደለም እንዴ?"

"ነው" አልኩ።

"ሰረቁን! ይህቺ ማን ናት?"

በዚህ መሐል ከዘፈኑ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ፍየል ግልገል "ሜ!" አለ። ዲንቃ ክንዴን ጨመደደኝ።

"የአክስቴ ጥጃ ነው! በእግዚአብሔር፣ የአክስቴ ጥጃ ነው!"

ወደ ጋሼ ሽበሺ ሱቅ ሮጥን። ጋሼ ገና ሲያዩን ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"የት ጠፋችሁ? አገሩ ሁሉ እኔን እያፋጠጠኝ! ልጅቷ ማን ናት?"

"የቷ ልጅ?" አለ ፉፋ።

"የምትዘፍነዋ! በአንተ ፋንታ ያስገባችኋት!"

"እኔ ነኝ።"

ጋሼ ሽበሺ ጢሙን አዩት። ሴት ልጃቸው ዘርፈሽ ከባንኮኒው ኋላ ሆና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

"ቆይ" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። "ድንጋዩ አዲስ ነበር?"

"ምድጃ ዳር አሙቀነዋል።"

ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። "ወይ ልጆች! ድንጋይ ሲደክም ቴፑ እየተጎተተ ነው የሚዞረው። እየተጎተተ የቀዳውን የሱቁ ቴፕ በመብራት ሲያጫውተው ይፈጥናል። ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል። እያደር ድንጋዩ ሲብስበት ደግሞ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሕፃን ነው የምትመስለው! ምነው፣ መልሳችሁ አላዳመጣችሁትም?"

"አዳምጠነዋል" አልኩ። "በዚያው ቴፕ።"

"በዚያው ድንጋይ!" አሉና ሳቃቸው መጣ። ዘርፈሽ ሳቀች፤ ዲንቃ ሳቀ፤ እኔም አልቻልኩም። ፉፋ ብቻ ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን ካሴቶች ያያል። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ በጋሼ ሽበሺ እጅ "ልጅቷ" ተብሎ ተጽፏል።

"ጓድ ቀጀላም መጥቶ ነበር" አሉ ጋሼ። "'የየት ቀበሌ ናት? ለኪነት ቡድናችን እንፈልጋታለን' ብሎ።"

"እሱ አባረረኝ እኮ" አለ ፉፋ።

"አንተን ነው። እሷን አላባረረም።"

ከዚያ በኋላ ፉፋ ከሰው ጋር ማውራት ቀነሰ። ዘፈኑ ከየቤቱ ይሰማል፤ አብረውት የሚሠሩት አናጢዎች እንኳ እያፏጩት ይልጋሉ። "ዘፈኑን ሁሉም ወደደው" አለኝ አንድ ቀን። "ድምፄን ግን እስካሁን የሰማ የለም። ወደደው ልበል ወይስ ጠላው? እንጃ።"

ጥር ሲገባ ኦቦ ኡርጌ የሚባሉ የኖፓ ገበሬ ወደ ጋሼ ሽበሺ ሱቅ መጡ። ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። የካሴቷን ልጅ ለሠርጉ ይፈልጓታል፤ "እንቢ" የሚባል ነገር አይሰሙም። ጋሼ ሽበሺ እሺ አሏቸውና እኛን አስጠሩን።

"መላ አለው" አሉ። "ዘርፈሽ ዘፈኑን ቃል በቃል ይዛዋለች። እሷ ፊት ትቁም፤ አንተ ከኋላ ሆነህ አጨብጭብ።"

ዘርፈሽ እዚያው አንድ ስንኝ አሰማችን። ቁርጥ ካሴቱን። "ካልከፋዎት እኔ እዘፍነዋለሁ፣ ጋሼ ፉፋ" አለች።

"ጋሼ?" አለ ፉፋ። "አንቺን በስንት ዓመት ብበልጥሽ ነው?"

"ጢምዎን አይቼ ነው።"

ፉፋ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ራሱን ነቀነቀ። "ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ዘርፈሽ። አንቺ ከዘፈንሽው ግን ካሴቱ እውነት ይሆናል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ አጨብጫቢ ሆኜ መቅረቴ ነው። ኖፓ እሄዳለሁ፤ በራሴ ድምፅ እዘፍናለሁ። ከጠሉት ይጥሉት፤ ነገሩ ያበቃል።"

"በዱላ ነው የሚሸኙን!" አለ ዲንቃ።

"አንተ ከበሮህን ይዘህ ከፊት ሩጥ። እኔ ከኋላ እመጣለሁ።"

ኖፓ ስንደርስ ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወጣቶቹ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ የዳሱን እንጨት ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሁሉም በሩን ያያል። እኛ ሦስታችን ገባን፤ በሩን ማየታቸውን አላቆሙም።

"ኢንተልቲን ኤሳ ጅርቲ?" አለ አንዱ ወጣት። ሌላውም ተቀብሎ በአማርኛ "ልጅቷ የት አለች?" ብሎ ጮኸ።

ፉፋ ለእኔ በዐይኑ ምልክት ሰጠኝ፤ ጊታሩን ነካሁ፤ እሱም የሶሩን ዘፈን አነሣ። እኛ እንደሠራነው፣ ረጋ ብሎ፣ ከደረቱ ውስጥ አውጥቶ።

ፊት ያሉት ወጣቶች ከፉፋ ኋላ የተደበቀ ሰው ያለ ይመስል አንገታቸውን ያሰግጋሉ። "ኧረ ልጅቷን አምጡ!" አለ ያው ወጣት። "ይሄማ ዘበኛዋ ነው!" ሳቅ ሆነ። ፉፋ ግን ዘፈኑን አላቋረጠም። ዲንቃ ከበሮውን እየመታ በሩን በዐይኑ ይለካል።

ይኼኔ የኦቦ ኡርጌ ታላቅ እህት እትዬ ሻሽቱ ከሽማግሌዎቹ መሐል ብድግ አሉ።

"ዝም በሉ፣ እናንተ ባለጌዎች! አባ ኢሼቲ!" አሉ። "አባቷ ነው! የጨዋ ልጅ እንደናንተ ያለ ጎረምሳ መሐል ዝም ብላ ዘው የምትል መሰላችሁ? አባቷን አስቀደመች። እንዲህ ነው እንጂ ወግ!"

ወሬው በዳሱ ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ አለፈ፤ አባቷ ነው፣ አባቷ። ወጣቶቹ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ያ "ዘበኛዋ" ያለው ልጅ ተነሥቶ ለፉፋ አንገቱን ሰበር አደረገ። አሁን ማንም ወደ በሩ አያይም። ያዳምጣሉ።

ከዚያ የሆነውን እኛም አልጠበቅነውም። ኦቦ ኡርጌ ተነሡ። እትዬ ሻሽቱን እጃቸውን ያዙ። ሁለቱም ቀስ እያሉ፣ ከዘፈኑ ጋር እኩል እየረገጡ ወደ መሐል ወጡ። ተከትለዋቸው ሌሎቹ ሽማግሌዎች፣ በምርኩዝ የሚሄዱት ሳይቀሩ ወጡ። ዳሱ በነጭ ጋቢ ተሞላ።

"የልጅቷ ዘፈን ይጣደፋል" አሉ ኦቦ ኡርጌ በፉፋ ፊት ሲያልፉ። "ስንወድደው ከረምን፤ ጉልበታችን ግን አልደርስበት አለ። አንተ ጠበቅኸን።"

ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ እንዲዘፍን አደረጉት። ሲጨርስ ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡት፤ የሥጋውንም ደህና ደህና ክፍል ከፊቱ አኖሩለት። ፉፋ ትንሽ ከበላ በኋላ ሕሊናው ስላልቻለ ተነሥቶ እውነቱን ተናገረ። ድንጋዩን፣ ምድጃውን፣ ቴፑ መጎተቱን አንድ በአንድ አስረዳቸው። "ልጅቷ እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ።

ሁሉም በትዕግሥት አዳመጡት። ከዚያ እትዬ ሻሽቱ ክንዱን መታ መታ አደረጉት።

"ገባን፣ ልጄ። ሴት ልጅ ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚጠነቀቀው። ስሟንም አንጠይቅህም።"

"እውነቴን ነው፣ እትዬ!"

"እውነትህን ነው" አሉ፤ ዳሱም በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ኡርጌ ግን አልሳቁም። "የአንተስ ካሴት የታለ?" ሲሉ ጠየቁት። "ለእኛ ለሽማግሌዎቹ የሚሆነው?"

ዲንቃ ቶሎ ብሎ "እየመጣ ነው" አለላቸው።

በሁለተኛው ጊዜ የቀዳነው በጋሼ ሽበሺ ሱቅ፣ በመብራት ነው፤ ክረምቱ አልፎ ስለነበር ቆርቆሮውም ዝም አለልን። ዘርፈሽ ቴፑን ራሷ ይዛ አንዱንም ቁልፍ እኛ እንድንነካ አልፈቀደችም። ጋሼ በአንዱ ገጽ የድሮውን፣ በሌላው ገጽ አዲሱን አድርገው አባዙት። በጀርባው ላይ "ልጅቷ እና አባቷ" ሊሉ ብዕር ሲያነሡ ፉፋ እጃቸውን ያዘ።

"ፉፋ ብለው ይጻፉልኝ።"

"በየቱ ገጽ?"

"በሁለቱም።"

ጻፉለት። ሰው ግን እስካሁን ፉፋ የሚለውን የአባት ስም አድርጎ ነው የሚያነበው፤ የልጅቷ ስም ደግሞ በስሕተት የቀረ ይመስለዋል።

በዚያው ሰሞን ፉፋና እኔ ወደ ጎሬ በሎንቺና ስንሄድ ሾፌሩ ካሴቱን ከተተው። ልጅቷ ጀመረች። ትንሽ እንደሄድን ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ "ኧረ ገልብጠው፣ አባትየውን አሰማን" አሉ። ከኋላ ወጣቶቹ "እንዳትገለብጠው!" ብለው ጮኹ። ክርክሩ ዳገቱን እስክንጨርስ አላባራም። ሾፌሩ "በየኪሎ ሜትሩ ነው እንግዲህ የምገለብጠው?" እያለ ይስቃል።

ከፉፋ አጠገብ የተቀመጠች ወጣት ሴት ወደ እሱ ዞረች። "አንተስ የማን ወገን ነህ?"

"የአባትየው" አለ ፉፋ።

ሴትየዋ ድምፁን ስትሰማ ትንሽ ደንገጥ አለች። ሾፌሩም ካሴቱን ገለበጠ።