ለሐይቁ ሰዎች የተነገረ ቀልድ

ሕዝቡ በሳቅ አወካ። አጎት ኤልስዎርዝ ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ በቅሎዋ መንደሩን ሊያስለቅቅ የመጣውን የፖሊስ ሹም፣ ምክትል ሸሪፉን፣ ጭቃ ላይ እንዴት እንዳስቀመጠችው በወገባቸው ያሳዩ ነበር።

«‹ንቅንቅ አልልም!› አለች በቅሏችን ኩዊኒ። በመንደሩ ውስጥ የግድቡን ኩባንያ እንቢ ያለች እሷ ብቻ ነበረች!»

በሐይቁ በዓል ላይ የተሰበሰቡት ነጮች፣ ጀልባቸውን ዳር ላይ አስረው የመጡት፣ የቢራ ጣሳቸውን ከፍ አደረጉ።

ከመድረኩ ግርጌ የቆመችው የወንድማቸው ልጅ ቨርኒታ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ውኃ ሥር ሄዝል ቤንድ የሚባል የጥቁሮች መንደር ነበረ። አያቷ ሎኒ፣ የኤልስዎርዝ አባት፣ ጥጥ ያበቀሉበት መሬት፣ አባቷ የተወለደበት ቤት ከዚያ ሥር ነው። ግድቡ ተሠርቶ ሸለቆው በውኃ ሲሞላ ኤልስዎርዝ ገና ልጅ ነበሩ፤ ያን ቀን ካዩት ሰዎች ዛሬ በሕይወት የቀሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው። እርሳቸው ደግሞ በቤተሰቡ መሰባሰቢያም ሆነ በቤተ ክርስቲያን የሚያወሩት ስለዚያች በቅሎ ነው። ልባቸው እየደከመ መሆኑን ሐኪሙ ነግሯታል። ስለዚህ ዛሬ እንኳ እውነተኛውን እንዲናገሩ ለምናቸው፣ እሺ ብለዋት ነበር።

መኪናዋ ውስጥ ገብተው በሩ እንደ ተዘጋ ቁጣዋ ገነፈለ።

«ቃል ገብተውልኝ አልነበረም፣ አጎቴ?»

«ሳቁ እኮ! ያ ባለ ቀይ ቁምጣው ቢራው በአፍንጫው ሊወጣ ነበር።»

«በእኛ ነው የሳቁት።»

«በሸሪፉ ነው እንጂ።»

«በእኛ ነው! አያቴን ከቤታቸው አባረው በጣራው ላይ ጀልባ ይነዱበታል። እርስዎ ደግሞ አጫዋቻቸው ሆኑ!»

የሽማግሌው ፈገግታ ጠፋ።

«አፍሽን ሰብስቢ፣ አንቺ ልጅ። ምን ልስጣቸው ታዲያ? የአባቴን ውርደት ከዓሣ ጥብሳቸው ጋር ላቅርብላቸው?»

«ለእኔስ? እኔስ ባዕድ ነኝ? እኔንም እኮ በበቅሎ ነው የሸነገሉኝ!»

ኤልስዎርዝ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ተመለከቱ።

«ኩዊኒ በዚያ ቀን አልነበረችም» አሉ። «ቀደም ብለን ሸጠናታል። ማንም ማንንም ጭቃ ላይ አልጣለም። ምክትል ሸሪፉ ክብሪትና ጋዝ ይዞ መጣ። ውኃው ሲመጣ ጣውላው እንዳይንሳፈፍ ቤቱ ይቃጠላል አለ። እናቴ አራስ ነበረች፤ አባትሽን ታቅፋ ተኝታለች። አባቴ አልጋውን ላውጣ ብሎ ለመነው። ‹ቶሎ በል፣ አንተ ልጅ› አለው። ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ፣ አባቴን! አልጋውን ተሸክመን አወጣን። ከዚያ ለኮሰው።»

ትንፋሻቸው አጠረ። ቨርኒታ ይብቃ አላለችም።

«አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ‹እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ› አለ። ገባሽ? ቤታችን እየነደደ አመሰገነው። አልጋውን እንድናወጣ ስለፈቀደልን። ጠመንጃ ይዞ ነበራ፤ ሌላ ምን ይበል? እንቢ ያለ አንድ ፍጥረት በዚያ ቀን መኖር ነበረበት፣ ቨርኒታ። ከሰው ሳጣ በቅሎ አመጣሁ።»

ቨርኒታ መሪውን ጨብጣ ቀረች። ልታለቅስ እንደሚገባት ተሰማት፤ እንባዋ ግን እንቢ አለ። የመጣባት አንዳች ነገር የመስበር ፍላጎት ብቻ ነበር።

መስኮቱ ተንኳኳ። የበዓሉ አዘጋጅ፣ በዕድሜው የኤልስዎርዝ የልጅ ልጅ ሊሆን የሚችል፣ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ነጭ ወጣት፣ የበዓሉ ስም የተጻፈበት ቆብ ይዞ ቆሟል። ኤልስዎርዝ መስተዋቱን ዝቅ አደረጉ።

«ኤልስዎርዝ! በሳቅ ገደልከን እኮ፣ አንተ ሰውዬ! ይቺ ከሁላችንም ስጦታ ናት። ለከርሞም በቅሎህን ይዘህልን ና፣ እሺ?»

የሽማግሌው ከንፈር ለምስጋና ተንቀሳቀሰ። ቨርኒታ አየችው፤ በእርሳቸው ፈንታ ልትመልስ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። መናገር የሚገባቸው እርሳቸው ነበሩ።

«አልመጣም» አሉ ኤልስዎርዝ።

ወጣቱ ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ፤ ቀጣዩን ቃል እየጠበቀ ቆቡን ወደ ውስጥ ዘረጋ። ኤልስዎርዝ አልተቀበሉትም። ሳቁ ከፊቱ ላይ ተሟጦ እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉለትም።