የኛኪየር አፈር

ኛኪየር ኒውላንድ ሰፈር ዳር ባለችው ቁራሽ መሬቷ ጎመንና በቆሎ እያበቀለች አራት ልጆች ታሳድጋለች። የግብርና ባለሙያው ወንዶሰን በስልጠና ላይ ማዳበሪያ የሚያዘጋጁ ቀያይ የመሬት ትሎች ሰጥቷት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በጣሳ ይዛቸው ቢሮው መጣች።

«ትል ታሟል» አለችው።

ወንዶሰን ፈገግ አለ። ጣሳውን ወረቀት ላይ ሲገለብጠው ግን ፈገግታው ጠፋ። ትሎቹ ገርጥተዋል፤ ወገባቸው ያበጠም አሉ። ጤነኛ ትል በጥቂት ቀን የሚሽርለት ጭረት እነዚህ ላይ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል።

«መሬትሽ የት ጋ ነው?»

«ከድሮው መጋዘን ጀርባ።»

ወንዶሰን ቦታውን ያውቀዋል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ አዲስ ተቀጣሪ ሳለ፣ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ መድኃኒት በበርሜል የተቀበረው እዚያ ነው። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ራሱ ነበር። ያኔ ቦታው ቁጥቋጦ ነበር፤ ሰው ይሰፍርበታል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብሎ፣ ጤነኛ ትሎችን ለሁለት ከፈለ፤ ግማሹን በኛኪየር አፈር፣ ግማሹን ከባሮ ወንዝ ዳር ባመጣው አፈር አኖረ። በወሩ የባሮዎቹ ተራብተዋል። የእሷዎቹ ግን በሻጋታው አለቁ። መርዙ በአንዴ አልገደላቸውም፤ በሽታ የሚቋቋሙበትን አቅም ነው የነጠቃቸው።

ለኃላፊው ሲነግረው፣ «ላብራቶሪ ሳያረጋግጥ ሰው እንዳታስደነግጥ» ተባለ። አፈሩ አዲስ አበባ ተላከ። መልስ አልመጣም።

ወንዶሰን መጠበቅ አልቻለም። ሄዶ ሁሉንም ነገራት፤ ያስቀበረው እሱ መሆኑንም ጭምር።

ኛኪየር የቀጠፈችውን ጎመን እንደያዘች ቆመች።

«ልጆቼ ሦስት ዓመት በሉ» አለች። «ትል ቁስል አይድንም። ልጅስ?»

«አላውቅም፣ እህቴ።»

«አንተ የተማርክ ነህ። እንዴት አታውቅም?»

 ጎንበስ ብላ ጎመኑን ከነሥሩ መንቀል ጀመረች። ሊያግዛት እጁን ሲሰድ «ተወው!» ብላ ጮኸችበት።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሲመለስ መሬቱ ተቆፍሮ አዲስ ዘር ተዘርቶበታል። ኛኪየር መቆፈሪያዋን ተደግፋ ጠበቀችው።

«ሌላ መሬት ስጠኝ» አለችው። «ዛሬ ስጠኝ፣ ይሄን ዛሬ እተዋለሁ።»

ወንዶሰን የሚሰጣት መሬት አልነበረውም።