አልሞትም ያለው አዛዥ

ዳሚያና መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወደ ላይ አየች። የሴቶቹ ሰገነት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የማድሪድ ሴቶች ትያትር ሲመጡ የቤታቸውን ቁልፍ ይዘው ነው፤ ያልጣማቸውን ተዋናይ ቁልፋቸውን እያቅጨለጨሉ ከመድረክ ያባርሩታል።

«ዛሬ ከተቅጨለጨለብን ሰይፉን ትመልሻለሽ» አላት የቡድኑ አለቃ ሮልዳን። «ከነገ ጀምሮ ምሽጉ ሲከበብ ራስሽን ስተሽ ትወድቂያለሽ፤ ወንዶቹ ያድኑሻል።»

ዳሚያና ዕድሜዋን ሙሉ መድረክ ላይ ስታለቅስና ስትወድቅ ኖራለች። አሁን ገና ምሽጓን የምትከላከል፣ የጠላትን አዛዥ በሰይፍ የምትጥል ባላባት ሆነች። አዛዡን የሚጫወተው ባሏ ጋስፓር ነው።

ፍልሚያው ደረሰ። ሰይፏን በብብቱ ሥር አሳለፈች። ጋስፓር ግን እንደቆመ ቀረ።

«ውደቅ እንጂ!» ብላ አንሾካሾከች።

«አልወድቅም። ትናንት መጠጥ ቤት ‹ሚስቱ የምታርደው› እያሉ ሲስቁብኝ አመሹ።»

«ጋስፓር፣ በማርያም!»

«ከፈለግሽ አንቺ ውደቂ።»

ደግማ ወጋችው። ደረቱን ነፍቶ ሳቀ። ታች ግቢው ውስጥ ቆመው የሚያዩት ወንዶች «ጎሽ!» አሉ። ከላይ ቁልፎቹ መቅጨልጨል ጀመሩ፤ አንድ የበሰበሰ ብርቱካን የጋስፓርን ጆሮ ታክኮ አለፈ። ሮልዳን በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያማትብ ታያት።

ሰይፏን ወደ ሰገነቱ አነሣች።

«የምሽጌ ሴቶች! ይህ ሰው በሕይወት አለሁ ይላል። እናንተስ ምን ታያላችሁ?»

ከሰገነቱ አንዲት ጎርናና ድምፅ፣

«ሬሳ!»

«ሬሳ ነው! ሳይሸት ቅበሩት!»

«ኧረ ሸቷል!»

«ወታደሮች፣» አለች ዳሚያና፣ «አንሡልኝ።»

ወታደሮቿን የሚጫወቱት ፔላዮና ጓደኛው ጋስፓርን በእጅና በእግሩ ያዙት።

«ልቀቁኝ! አልሞትኩም እኮ! ፔላዮ፣ አንተ እንኳ ታውቀኛለህ!»

«ምስኪን፣» አለች ዳሚያና ደረቷን ይዛ፣ «መሞቱን የነገረው የለም።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ ጎሽ ባዮቹም ሳይቀሩ ሆዳቸውን ያዙ።

ትያትሩ ሲያልቅ ጋስፓር አንገቱን ደፍቶ ወደ ሮልዳን መጣ። «አለቃ፣ ነገ በመጀመሪያው ምት እሞታለሁ፤ እምላለሁ።»

«ሞተህ ብትገኝ ወዮልህ!» አለው ሮልዳን የሳቅ እንባውን እየጠረገ። «እንዲያውም ሲሸከሙህ ትንሽ ተፈራገጥ።»

«ሰይፉስ?» አለች ዳሚያና።

«የምን ሰይፍ? ያንቺ አይደል እንዴ!»

«የመጠጥ ቤቱ ሰዎችስ?» አለ ጋስፓር በለሆሳስ። «አሁን ምን ይሉኛል?»

«ነፍስ ይማር ይሉሃላ» አለችው ሚስቱ።