የላሊሴ ኩላሊት

«አንቀመጥም!» አሉ ኦቦ ጃለታ፣ ወንበር ሲሳብላቸው በእጃቸው እየከለከሉ። «የመጣንበትን ሳትሰሙን፣ እሺ ሳትሉን አንቀመጥም።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ቡራዩ፣ በኦቦ ጉታ ሳሎን መሃል ቆመዋል። የላካቸው ላሊሴን ያጫት ልጅ ቤተሰብ ነው። ታላቅ ወንድሟ ሞቲ ከዲያሊሲስ ገና መመለሱ ነው፤ መርፌ የገባበት ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ራሱም ይዞራል። ሊነሳላቸው ሲሞክር «ተው ተው፣ አንተማ ተቀመጥ» ብለው መለሱት።

«በሉ ይነገረና» አሉ አባቱ ኦቦ ጉታ።

«ላሊሴ ነገ ለመጨረሻው ምርመራ ትሄዳለች አሉ። ኩላሊቷን ለወንድሟ ልትሰጥ! እንዴ! ገና ያልወለደች ልጅ? ይህን አስቀሩልን ብለን ነው የመጣነው።»

«ሐኪሞቹ በአንድ ኩላሊትም ይወለዳል ብለውናል» አሉ ኦቦ ጉታ።

«ሐኪም ምን አለበት! ምጥ ሲይዛት አጠገቧ የሚቆመው ሐኪሙ ነው?»

ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል? ሞቲ ሳቁ መጣበት፤ እንደምንም ዋጠው።

«ደግሞስ» አሉ ኦቦ ጃለታ፣ «ሞቲ ራሱ የእህቴን አልቀበልም ብሏል። ጨዋ ልጅ ነው።»

እውነት ነው፣ ብሏል። ሐኪሙ ወይ ዕድሜ ልክህን ማሽን፣ ወይ የዘመድ ኩላሊት ሲለው ማሽኑን መረጠ። የላሊሴ ምርመራ ከሱ ጋር ገጥሞ በደስታ ስታለቅስ «ትዳርሽን አላፈርስም፣ አርፈሽ ተቀመጪ!» ብሎ ጮኾባታል። በአምቦ መንገድ ሚኒባስ ሲነዳ ድምፁ ከጡሩምባው ይበልጥ የነበረ ሰው፣ ዛሬ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ውኃ እንኳ እየተለካ ነው የሚጠጣው። ለእሷ ሲል ይሁን ብሎ ነበር።

«እኛም ጨካኞች አይደለንም» አሉ ኦቦ ጃለታ። « እስከ ሠርጉ ድረስ ለማሽኑ እናዋጣለን። ሠርጓን ይይላት።»

«ከሠርጉ በኋላስ?» አለ ሞቲ።

ኦቦ ጃለታ ወደ እሱ ዞር እንኳ አላሉም፤ የመለሱት ለአባቱ ነው። «ከዚያ ወዲያማ የፈጣሪ ፈቃድ ነው። ማሰብ ለሚኖረው ነው።»

ለሚኖረው! የሞቲ ደም ፈላ። ወይ ጉድ! ዓይኑ እያየ፣ ጆሮው እየሰማ፣ ቀብረውት እኮ ነው የመጡት! እሱ ለእህቱ ብሎ የተናገረውን ይዘው ጉድጓዱን ቆፍረውለታል። እንዲህ ተናዶ አያውቅም።

በሽምግልና ፊት ሴት ልጅ አትናገርም፣ ወጉ ነው። ላሊሴ ግን ከጓዳ ወጥታ መሃላቸው ቆመች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ። ኩላሊቱ የኔ ነው፣ እጮኛውም የኔ። እስካሁን ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። እሰጣለሁ! ልጃችሁ ከወደደኝ ሆስፒታል መጥቶ ይጠይቀኝ።»

«ያ ኢንታላ! አንቺ ልጅ!» አሉ አባቷ ደንግጠው።

«ጨርሻለሁ አባ። አሁን የቀረው የወንድሜ ቃል ነው።»

ሁሉም ወደ ሞቲ ዞሩ። አሁን ገና ኦቦ ጃለታ አዩት፤ ፊታቸውም በራ። «በል ልጄ፣ ያልካትን ድገምላት። አንተ አስተዋይ ነህ።»

ሞቲ ሶፋውን ተደግፎ ተነሳ።

«ብዬ ነበር ኦቦ። ሸክም እንዳልሆንባት ፈርቼ ነው። አሁን ግን ሳስበው መኖር እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ! ገና ልጆቿን አቅፋለሁ። ገና መኪናዬን እነዳለሁ፤ አንቱንም አሳፍራለሁ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

ሞቲ ወደ እህቱ ዞረ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው?»

«ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት» አለች።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ ሞቲ። «ስጪኝ። እቀበላለሁ።»